አልቃሻዋን ልጅ ጀግና ማድረግ፦ ለልጆች በሚጻፍ ምናባዊ ታሪክ ውስጥ ወኔን ደረጃ በደረጃ መገንባት

የመጀመሪያውን የልጆች ምናባዊ ታሪክ ጽፌ እንደ ጨረስኩ አምስት ልጆች ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለታሪኳ ሩት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ከመንደሯ በላይ ካለው ተራራ ሌሊት ሌሊት ጉም ይወርዳል፤ ጉሙ የነካው ሰው ጠዋት ሲነሣ ድምፅ የለውም። ሩት የተወሰደውን ለማስመለስ የገመድ ድልድይ ተሻግራ ወደ ተራራው ትወጣለች። ገና ማዶ ከመድረሷ ድልድዩ ተበጥሶ ገደል ይገባል። በዚያች ትዕይንት እኮራ ነበር፤ ሁለት ሳምንት የፈጀችብኝ ናት። ልጆቹም ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ግን ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ እጇን አወጣችና «ድልድዩ ባይበጠስ ኖሮ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። መቶ ሃያ ገጽ ሙሉ ጀግና ስላት የኖርኩት ልጅ ወደፊት የሄደችው መመለሻ ስላጣች ብቻ ነበር። መመለሻ ያጣ ሰው ቢገሰግስ ተገድዶ ነው እንጂ ደፍሮ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ረቂቅ ሳነብ፣ የራሴንም ጭምር፣ መጀመሪያ የምፈልገው ጭራቁን ሳይሆን የመሸሻውን በር ነው።

ይህ መመሪያ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ አንባቢዎች ምናባዊ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ነው። ደረጃዎቹን እኔ በሄድኩበት ቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዶቹ የአንድ ከሰዓት ሥራ ናቸው፤ አራተኛውና አምስተኛው ግን ወራት ሊበሉ ይችላሉ።

ከመጀመር በፊት፦ የትኛው ድፍረት?

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ጸሐፊውን ያስቸግረዋል፤ ይረዳዋልም። «ደፋር» ስንል ማሞገሳችን ነው ወይስ መገሠጻችን? ታላላቆች ፊት ያለ ፈቃድ የተናገረ ልጅ «ደፋር!» ሲባል ጭብጨባ አይጠብቅም። «ጀግና» ደግሞ የጦር ሜዳ ሽታ አለው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሲደርቡት ካባው መሬት ለመሬት ይጎተታል። «ልበ ሙሉ» የተረጋጋ ሰው ነው፤ ለታሪኩ መጨረሻ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለመጀመሪያው አይሆንም። እኔ የምመርጠው «ወኔ»ን ነው። ወኔ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ «ወኔ ከዳው» እንላለን። ሊከዳ የሚችል ነገር ደግሞ ለታሪክ ይመቻል።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሥነ ምግባር ሲጽፍ ድፍረትን በፈሪነትና በጭፍን ግብታዊነት መካከል አስቀምጦታል። ለልጆች የምንጽፍ ሰዎች ፈሪነቱን አንስተውም፤ የምንስተው ሌላኛውን ጎረቤት ነው። ምንም ሳያስብ ዘንዶ አፍ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ልጅ አደጋው አልገባውም እንጂ ደፋር አይደለም። ስለዚህ በማስታወሻ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ባለታሪኬ አደጋውን ታውቃለች» ብላችሁ ጻፉና ሥራውን ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ፍርሃቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ጨለማ ትፈራለች» አይበቃም። ጨለማ የማይፈራ ማን አለ? የጨለማው ምኗን ነው የምትፈራው? ድምፁን ነው? ከአልጋው ሥር ያለውን ነው? ወይስ ስትጣራ የሚመልስላት ሰው መጥፋቱን? ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ሰው ላይ ሊለጠፍ የማይችል እስኪሆን ድረስ አጥብቡት።

ሁለት ፍርሃት ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ጉሙ፣ ጭራቁ፣ ጠንቋዩ። ሌላው ልጅቷ ታሪኩ ሳይጀምር ጀምሮ ይዛው የምትዞረው ነው። ሩት ጉሙን ትፈራለች፤ ከጉሙ በላይ የምትፈራው ግን ሰው ፊት ማልቀስ ነው። ታለቅሳለችና። ስትቆጧት ታለቅሳለች፣ ስታመሰግኗት ታለቅሳለች፣ የወደቀ የወፍ ጫጩት ስታይ ታለቅሳለች። «አልቃሻ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ልጅ በክፍሏ ውስጥ ከኋላዋ ነው የምትቀመጠው።

አንባቢው ልጅ ድምፅ የሚበላ ጉም አይቶ አያውቅም። ከኋላ ተቀምጣ ስም የምታወጣዋን ልጅ ግን ያውቃታል። ጉሙን የሚያምንላችሁ በእሷ በኩል ነው።

ደረጃ 2፦ የማትጠበቅ ያደረጋት ነገር እውነተኛ ይሁን

ይህን ዓይነት ታሪክ ሦስት ያህል ያነበበ ልጅ ሕጉን ያውቀዋል፦ ትንሹ ያሸንፋል። ቀጭን፣ ወላጅ አልባ፣ ማንም የማይቆጥረው ልጅ ገጽ አንድ ላይ ብቅ ሲል «እሱ ነው» ይላል፤ አይሳሳትም። እንግዲህ ትንሽ መሆን ብቻውን ያልተጠበቀ አያደርግም። ይልቁንም በጣም የሚጠበቀው እሱ ነው።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ በታሪኩ ውስጥ ያሉ ደግና አስተዋይ ሰዎች ልጅቷን እንዳይመርጡ የሚያደርግ በቂ ምክንያት አለ ወይ? ክፉዎቹ ቢንቋት ምንም አያረጋግጥም፤ ክፉ ሰው ሁሉንም ይንቃል። በሩት መንደር ወደ ተራራው የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ሲመረጡ፣ የምትወዳት መምህርቷ ጠጋ ብላ በሰሌዳ ላይ «አንቺ ብትቀሪ ይሻላል» ብላ ትጽፍላታለች። መምህርቷ ልክ ናት። ጉሙ ድምፅ ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ሩት ደግሞ ስታለቅስ ትሰማለች። ድክመቷ ሌሎችን ሊያስበላ የሚችል ድክመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ገብቼበታለሁ። በሁለተኛው ረቂቅ የሩት እንባ መድኃኒት ሆነ። ጉሙ ላይ ሲንጠባጠብ ጉሙ ቀለጠ። ሁሉም ነገር ቁልፍ እንዳገኘ መዝጊያ ቁልጭ ብሎ ገጠመ፤ ለሁለት ቀን ያህል ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለአልቃሻ ልጅ እየነገርኩት ያለሁት ነገር ገባኝ፦ «ማልቀስሽ ይፈቀዳል፤ የሚጠቅም ከሆነ።» አሥራ አራት ገጽ ጣልኩ። በመጨረሻው ረቂቅ ሩት መጀመሪያ ላይ ታለቅሳለች፣ መሐል ላይ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይም ታለቅሳለች። እንባዋ ምንም አይፈይድም። እሷ ግን እያለቀሰች ትሄዳለች።

ደረጃ 3፦ ዓለምን ተዉት፤ አንድ ነገር ታድን

አጭር ደረጃ ናት። ልጅ ለዓለም ሲል አይነሣም፤ አዋቂም ቢሆን እምብዛም ነው። ሩት ታናሽ ወንድም አላት። ሲስቅ መጀመሪያ «ሂቅ» ይልና ነው የሚፈነዳው። ጉሙ ከነካው ወዲህ አፉን ይከፍታል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም። ሩት የምትፈልገው ያችን «ሂቅ» ነው። የምታድነውን ነገር በመዳፍ የሚያዝ ያህል አሳንሱት፤ አንባቢው ጀብዱው ከመጀመሩ በፊት አንዴ ሰምቶት ወይም ነክቶት ይለፍ።

ደረጃ 4፦ የመሸሻውን በር ክፍት ተዉት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ረቂቃችሁን አንሡና በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ በእርሳስ ጻፉ፦ «አሁን ወደ ቤቷ መመለስ ትችላለች? በየት በኩል?» መልሱ በተከታታይ «አትችልም» ከሆነ የጻፋችሁት የመከራ ታሪክ ነው። መከራም ታሪክ ይሆናል፤ ወኔ ግን አይታይበትም።

ጸሐፊዎች ሳያውቁት በሩን የሚዘጉባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸውና ይታወቃሉ። ድልድይ ይበጠሳል። ልጁ ተጠልፎ ይወሰዳል። አዋቂዎች ሁሉ ይሞታሉ። ከሁሉም የከፋው ትንቢት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በድንጋይ ላይ ስሟ ተጽፎ ከሆነ በሩ ግድግዳ ላይ የተሣለ በር ነው፤ ቢገፉት አይከፈትም። ያለ ትንቢት መጻፍ አልችልም የምትሉ ከሆነ ትንቢቱ ስለ ሌላ ሰው ይሁን፤ ያ ሌላ ሰው ይታመም፣ ወይም እምቢ ይበል። ልጅቷ የማንም ትንቢት ሳትሆን ትነሣ።

ታሪኩ በግዳጅ ሊጀምር አይችልም ማለቴ አይደለም። ልጁ በዐውሎ ነፋስ ተወስዶ ሌላ ዓለም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ የሚያምር አጀማመር ነው። ነገር ግን ከጡዘቱ (ታሪኩ ጫፍ ላይ ከሚደርስበት ቦታ) በፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ የሚከፈት በር ይኑር።

በሩ ክፍት መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ማራኪ መሆን አለበት። ከበሩ ወዲያ ብርሃን ይታይ። እኔ የድልድዩን ትዕይንት እንደገና ስጽፈው ይህን መሰለ፦

«ሩት ዞራ አየች። ድልድዩ በቦታው አለ። ገመዱ እንኳ አልተወዛወዘም። ከማዶ፣ ከቤታቸው መስኮት፣ እናቷ ያላጠፋችው መብራት ይታያል። ብትሮጥ እራት ሳይቀዘቅዝ ትደርሳለች። ማንም ምንም አይላትም። ቁጭ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ አሰረች። እንደገና ፈትታ አሰረች። በሦስተኛው፣ ማሰሪያው ሳይሆን ጣቶቿ እንደሆኑ የላሉት ገባት። ተነሣች፤ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።»

(ድምፅ በሌለው መንደር ውስጥ «ማንም ምንም አይላትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም እንዳለው ያስተዋልኩት ከጻፍኩት ከአንድ ወር በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ዝም ብሎ መቀበል ነው።)

አያችሁ፣ ምንም የፈነዳ ነገር የለም። ጭራቅ የለም፣ ሰይፍ የለም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው የልጆች መጽሐፉ ይህን በሚገባ አሳይቷል፦ የቤቱን ምቾት የሚወደው ትንሹ ባለታሪክ ወደ ዘንዶው ዋሻ ብቻውን ሲወርድ መሿለኪያው መሐል ይቆማል። ተራኪውም ባለታሪኩ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የሚበልጠው ጀግንነት ከዚያች ቦታ ወደፊት መራመዱ እንደሆነ ይነግረናል። ዘንዶውን ገና አላየውም። ከኋላው መንገዱ ክፍት ነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ጊዜ ትሽሽ

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይፈሩታል። ባለታሪኳ ከሸሸች አንባቢው የሚጠላት ይመስላቸዋል። ልጆች ግን ሸሽተው ያውቃሉ፤ የተሰበረውን ዕቃ ማን እንደ ሰበረው ሲጠየቅ ዝም ብለው ያውቃሉ፤ ጓደኛቸው ሲሾፍበት አብረው ስቀው ያውቃሉ። የሸሸች ልጅ ሲያገኙ የሚሉት «አወቅሁሽ» ነው።

ወኔ በደረጃ የሚወጣ ነገር ነው፤ ደረጃዎቹም መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ሩት በመጀመሪያ የምታደርገው ትንሽዬ ነገር ሰሌዳ ላይ የተጻፈላትን ጽሑፍ በመዳፏ ማጥፋት ነው። ቀጥሎ ሌሊት መስኮት ከፍታ ጉሙን ታየዋለች፤ ትዘጋዋለች። ከዚያ እስከ ድልድዩ ትሄዳለች። አብሯት ጎረቤቷ የሆነ ልጅ አለ፤ ፋኖሱን ይዞ የሚጠብቃት እሱ ነው። ጉሙ ከገደሉ ውስጥ ሲነሣ ሩት ትሮጣለች። ምንም ሳትናገር፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣ እስከ አልጋዋ ድረስ። ጠዋት የጎረቤቷ ልጅ ድምፅ የለውም።

በዚህ ትዕይንት ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ሽሽቱ እውነተኛ ዋጋ ያስከፍል፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ቢከፍለው ይበልጥ ያማል፤ ነገር ግን ሊመለስ የማይችል ዋጋ አይሁን። የዘጠኝ ዓመት አንባቢን በገጽ አርባ ላይ በአንድ ሞት አሸክማችሁት ልትቀጥሉ አትችሉም። ሁለተኛ፣ ከሽሽቱ በኋላ ማንም አይምከራት። «ሁላችንም እንፈራለን ልጄ» የሚል ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ብቅ እንዳይል። ከጎረቤቷ ልጅ ጋር አጥር ለአጥር ተቀምጠው፣ እሱ በዱላ መሬት ላይ አንድ ነገር ይሥላል፣ እሷ ታያለች። ድልድይ ነው። ፋኖስ የያዘም ሰው ከጎኑ አለ። ይበቃል።

ሽሽቱን የት እናስቀምጠው ለሚለው፣ ከታሪኩ አንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ባለው ውስጥ ቢውል እመርጣለሁ። ከዚያ ቢቀድም አንባቢው ገና አላወቃትም፤ ቢዘገይ ለመመለስ ጊዜ አይኖራትም።

ደረጃ 6፦ ፍርሃቱ ሰውነቷ ውስጥ ይታይ

አማርኛ ለፍርሃት የሰጠን ጓዝ ብዙ ነው። ልቧ ድው ድው አለ፣ ጉልበቷን ብርክ ያዘው፣ ክው አለች፣ ሐሞቷ ፈሰሰ፣ ፀጉሯ ቆመ። ሁሉም ያምራሉ፤ ሁሉም ግን በብዙ እጅ ተዳስሰው ለስልሰዋል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱን አንዴ ተጠቀሙበት፤ በሁለተኛው ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

የሚያደርገውም የታወቀ ነው። አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ካሉት እጢዎች አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል። ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ጣት የሚቀዘቅዘው፣ ፊት የሚገረጣው፣ ሆድ የሚረበሸው። ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍ ይደርቃል። የዓይን ብሌን ይሰፋል። ይህን ለአንባቢው አታስተምሩት፤ ለእናንተ ግን የጓዳ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሩት በጣም ፈራች። ልቧ ድው ድው አለ፤ ጉልበቷን ብርክ ያዘው።» የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ሩት ምራቋን ልትውጥ ሞከረች፤ የሚዋጥ ነገር የለም። ፋኖሱን የጨበጡት ጣቶቿ ከብረቱ ይልቅ ቀዝቅዘዋል። እርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ስትደርስ የሚቀጥለው ቁጥር ጠፋባት። ስለዚህ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት እያለች ሄደች።»

«ፈራች» የሚለው ቃል የለም። ያነበብኩላቸው ልጆች ግን ለሳምንት ያህል «ሰባት፣ ሰባት» ሲሉ ነበር።

ደረጃ 7፦ አስማቱንና ረዳቶቹን ወስኑ

አስማት ወኔን ይበላል። ሁሉን የሚቆርጥ ሰይፍ የያዘ ልጅ ሰይፉ ነው ጀግናው። የአስማቱን ሕግ በሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ ምን ያስከፍላል። በወሳኙ ሰዓት ሦስተኛው መስመር ይምጣ። በእኔ ታሪክ የጉሙ ጌታ የሰረቃቸውን ድምፆች በጠርሙስ ያስቀምጣል። ጠርሙሱ ሲሰበር ድምፁ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ነገር ግን በተሰበረ ቁጥር የሰባሪው ድምፅ ይቀንሳል። ሌላ አስማት የለም።

አዋቂ ረዳት ካለ ከትዕይንቱ የሚወጣበት ምክንያት ፈልጉለት፤ የግድ አይሙት። መግደል የሰነፍ መፍትሔ ሆኗል። ይልቅ ልጅቷ ርዳታ የምትጠይቅበት ትዕይንት ጨምሩ። «ብቻዬን አልችልም» ማለት ለብዙ ልጅ ዘንዶ ከመግጠም ይከብዳል። መጽሐፉን የሚያነበው ልጅ ነገ ቤት ውስጥ የሚጨንቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጀግና ማለት ምስጢር ይዞ ዝም የሚል ነው የሚል ታሪክ እንዳትሰጡት። እዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ደረጃ 8፦ አንተ ወይስ እርስዎ?

የዛሬው እንግሊዝኛ ለጸሐፊው የማይሰጠው መሣሪያ አማርኛ ይሰጣል። ሕፃን ልጅ ሸምግሎ የተቀመጠን ጨካኝ ፊት ለፊት ስታገኘው ምን ብላ ነው የምትጠራው? በመጀመሪያው ረቂቅ ሩት «አንተ ክፉ!» ብላ ትጮሃለች። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱ እንደ ጥፊ ይሰማል ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ድምፁ የእኔ ሆነ፤ የተቆጣ ትልቅ ሰው ድምፅ። አክብሮት የለመደች ልጅ በፍርሃት ሰዓት አፏ የሚታዘዘው ለለመደችው ነው። አሁን የምትለው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልሄድም» ነው።

ይህ ዓረፍተ ነገር ከጩኸቱ ለምን እንደሚበረታ ለመረዳት ሁለቱንም ለሌላ ሰው አንብቡለት። ጨዋነቷ አልተናደም፤ እምቢታዋም አልተናደም። ለእያንዳንዱ ጭራቅ፣ ለሚናገረው እንስሳ፣ ለንግሥቲቱ፣ ልጅቷ የምትጠቀምበትን አጠራር በዝርዝር ያዙ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የምታልፍበት ቦታ ካለ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ይሁን፤ የቁጣ ሳይሆን የመቀራረብ ቢሆን ደግሞ ያስገርማል።

ደረጃ 9፦ በጡዘቱ ላይ የምትፈልገውን ስጧት

የሚገርመው ነገር፣ በሩ በጣም የሚከፈተው እዚህ ነው። የጉሙ ጌታ ሩትን አይታገላትም። በእናቷ ድምፅ ነው የሚያናግራት፤ ጠርሙሱ አለውና። የወንድሟን ሳቅ ከመደርደሪያው አውርዶ በእጇ ያስቀምጥላታል። «ለዚህ ነበር የመጣሽው። ውሰጂው፤ በሩ ክፍት ነው።» እውነቱን ነው። ለዚያ ነበር የመጣችው። የመጣችበትን ይዛ፣ ሳትዋሽ፣ ማንንም ሳትክድ መመለስ ትችላለች።

ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ግን የጎረቤቷ ልጅ ጠርሙስ አለ። ከእሱ ጎን «አልቃሻ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ልጅ ጠርሙስ አለ። ሩት ሁለተኛውን ረዘም ላለ ጊዜ ታየዋለች።

ውሳኔውን በዝግታ ጻፉት፤ ድርጊቱን በአጭሩ። አብዛኛው ረቂቅ ይህን ይገለብጠዋል፦ «ወሰነች» ብሎ በአንድ ቃል ያልፍና ስድስት ገጽ ይዋጋል። ጠርሙሱን በእጇ ይዛ የምትቆምበት ጊዜ ሁለት ገጽ ወሰደብኝ፤ የምትሰብርበት አራት መስመር። ስትሰብር ጀግንነት የተሞላበት ንግግር አታድርግ፤ ድምፅዋ እየቀነሰ ነውና ባትናገር ይሻላታል። ስምንተኛው ጠርሙስ ላይ ከሹክሹክታ በታች ናት።

ደረጃ 10፦ ትንቀጥቀጥ

አድሬናሊን አደጋው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። ከጭንቁ በኋላ እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ ጉልበት የሚከዳው ለዚህ ነው። ታሪኮች ግን ከድሉ በቀጥታ ወደ ጭብጨባው ይዘላሉ። ለመንቀጥቀጡ ግማሽ ገጽ ስጡት። ሩት ስትሄድ ቆማ የተሻገረችውን ድልድይ ስትመለስ በእንብርክክ ነው የተሻገረችው፤ መሐል ላይም ቁልቁል አይታ አስመለሳት። ይህችን መስመር አንድ አንባቢ አዋቂ «አስፈላጊ አይደለችም» ብሎኝ ነበር። ልጆቹ በጣም የወደዷት እሷን ነው።

ያጣችውን ነገር ሁሉ አትመልሱላት። የሩት ድምፅ ከዚያ ወዲያ እንደ ሻከረ ቀረ። ፍርሃቷም አብሯት አለ፤ በዚያው ሌሊት መብራቱ እንዳይጠፋ ትጠይቃለች። ስም ያወጣችላት ልጅ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከኋላዋ ተቀምጣ ዝም አለች። ያ ዝምታ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ይሙላው።

ደረጃ 11፦ ለልጆች አንብቡት

ስለ ርዝመት መጀመሪያ። በእንግሊዝኛ በዚህ ዕድሜ ለሚገኙ ልጆች የሚታተሙ ልብ ወለዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ቃላት አካባቢ ናቸው፤ ምናባዊ ታሪክ ከዚያም ያልፋል። ቁጥሩን ወደ አማርኛ እንዳለ አታምጡት። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳላደረገ ሁሉ በውስጡ አለ። እኔ የምለካው በአፍ ነው፦ አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይውሰድ።

ስታነቡ ዓይናችሁን ከወረቀቱ ላይ አንሡ። ልጅ ሲሰለቸው በትሕትና አይደብቅም፤ ምንጣፉን መንጨት ይጀምራል። የተነጨበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት። ከንባቡ በኋላ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ደስ እንዲላችሁ «አዎ» ይላሉ። «የት ጋ ብትሆኑ ትመለሱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ልጅ ሦስት የተለያየ ቦታ ከጠራ በሮቻችሁ ይታያሉ ማለት ነው። ሁሉም «መመለስ አትችልም እኮ» ካሉ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

እኔ አዲሱን ረቂቅ ይዤ ለእነዚያው አምስት ልጆች አነበብኩ። ድልድዩ አልተበጠሰም። ያን ጊዜ እጇን ያወጣችው ልጅ በዚህኛው ጊዜ እጇን አላወጣችም፤ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ስጨርስ «የት ጋ ብትሆኚ ትመለሺ ነበር?» አልኳት።

«ድልድዩ ጋ» አለች፤ ሳታመነታ። «እኔ ብሆን እመለስ ነበር።»

ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ገጽ እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ።